ጉልበት የሚድነው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አይደለም

በስኪ ሲንሸራተት ወድቆ የጉልበቱን ጅማት የበጠሰ ሰው፣ እብጠቱ እንኳ ሳይጎድል የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ኤሲኤልህ ተበጥሷል፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆንክ ጉልበትህ ጉልበት አይሆንም።» ከአልፕስ ተራሮች ሥር ካሉት ክሊኒኮች እስከ ኮሎራዶ ድረስ ይህንኑ የሚል ሐኪም አይጠፋም። ሐኪሙ ባይለው ጓደኛ፣ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ ይለዋል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ፍርድ ይከተላል፤ «በ6 ወር፣ ቢበዛ በ9 ወር ወደ በረዶህ ትመለሳለህ።» ሁለቱ አባባሎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ እምነት ነው። ጉልበት ማለት የተበጠሰ ገመድ ነው፤ ባለሙያ ይቋጥረዋል፤ ቋጠሮው እስኪጠብቅ ቀን ይቆጠራል፤ ከዚያ ሥራው አለቀ የሚል እምነት። ይህ እምነት ስህተት ነው። ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ኦፕራሲዮን እንዲሆን፣ ኦፕራሲዮን ያስፈለገው ሰው ደግሞ ሳይድን ወደ ተራራው ተመልሶ ዳግመኛ እንዲጎዳ የሚያደርግ ስህተት ነው።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር በአግባቡ እናስቀምጠው፤ ተራ ክርክር አይደለምና። ኤሲኤል በጉልበት መሃል ተሻግሮ፣ የቅልጥም አጥንት ከታፋ አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይሾልክና እንዳይጠመዘዝ የሚይዝ ጅማት ነው። ደም እንደልብ አይደርሰውም። ሲበጠስ ጫፎቹ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራሉ እንጂ እንደ ቆዳ ቁስል ደም ረግቶባቸው አይያያዙም ሲባል ኖሯል። ይህ ጅማት የሌለው ጉልበት በድንገት ይከዳል፤ ደረጃ ሲወርዱ ወይም ዞር ሲሉ እጥፍ ይላል። በከዳ ቁጥር በሁለቱ አጥንቶች መካከል የተነጠፈውን ሜኒስከስ ይፈጫል፤ ሜኒስከሱ ያለቀ ጉልበት ደግሞ ውሎ አድሮ ወደ አርትራይተስ ያመራል። ስኪ በተለይ ከእግር ጋር የታሰረ ረጅም ዘንግ በመሆኑ ለጉልበት አያዝንም። ታላላቆቹ የስኪ ሻምፒዮኖችም ኦፕራሲዮን ሆነው ተመልሰው አሸንፈዋል። ታዲያ የማይቀርን ነገር ማዘግየት ለምን? ይህን የሚሉትን ቀዶ ሐኪሞች ገንዘብ ፈላጊዎች ናቸው ብሎ ማለፍ ነውር ነው። አብዛኞቹ ከልባቸው ያምኑበታል፤ ሜኒስከሱ ተፈጭቶ የሚመጣ ወጣት ዘወትር ያያሉ። ስለዚህ መልሱ በማስረጃ መሆን አለበት።

ማስረጃው ደግሞ አለ። በስዊድን አገር ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆኑ፣ ስፖርት የሚሠሩ፣ ኤሲኤላቸው ገና የተበጠሰ 121 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። 62ቱ ቶሎ ኦፕራሲዮን ሆነው ፊዚዮቴራፒ ሠሩ። 59ኙ ፊዚዮቴራፒውን ብቻ ጀመሩ፤ ጉልበታቸው እየከዳ ካስቸገራቸው ግን በኋላ ኦፕራሲዮን እንዲሆኑ በሩ ክፍት ሆነላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ። ከ2 ዓመት በኋላ በሕመምም፣ በስፖርት ችሎታም፣ በኑሮ ጥራትም በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከ59ኙ ውስጥ በዚያ ጊዜ ኦፕራሲዮን የሆኑት 23 ብቻ ነበሩ። እነዚሁ ሰዎች በ5ኛው ዓመት እንደገና ሲመረመሩ፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ሲወጣ፣ ቁጥሩ 30 ደርሷል። ልዩነት ግን አሁንም የለም። «ቶሎ ካልሆንክ ጉልበትህ አይመለስም» የሚለው ፍርድ እውነት ቢሆን ኖሮ 59ኙ በ5 ዓመት ውስጥ ከ62ቱ ርቀው ወደ ኋላ መቅረት አልነበረባቸውም? አልቀሩም። በጥናቱ ፕሮፌሽናል ስፖርተኞች አልተካተቱም የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው፣ አልተካተቱም። ግን በዓመት አንድ ሳምንት ስኪ የሚሄድ የባንክ ሠራተኛ ከመቼ ወዲህ ነው ፕሮፌሽናል የሆነው?

ተከራካሪው እዚህ ላይ ሁለት ሌሎች ጥናቶችን ይመዝዛል፤ ሊመዝዝም ይገባል። አንዱ በኔዘርላንድስ 167 ሰዎችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ነው። ከ2 ዓመት በኋላ ቶሎ ኦፕራሲዮን የሆኑት ከ100 ነጥብ 84.7፣ በፊዚዮቴራፒ የጀመሩት 79.4 አገኙ። ልዩነት አለ። ነገር ግን አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህች ልዩነት በሰውየው ኑሮ ውስጥ የምትታወቅ መሆኗን ሊያረጋግጡ አልቻሉም፤ በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ውስጥም ግማሾቹ እስከ መጨረሻው ኦፕራሲዮን አልሆኑም። ሁለተኛው ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት የታተመው የእንግሊዝ ጥናት 316 ሰዎችን ይዞ፣ ከ18 ወር በኋላ ወደ ኦፕራሲዮን የተመደቡት 73.0፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ የተመደቡት 64.6 ነጥብ እንዳገኙ አሳየ። ይህ ልዩነት በደንብ የሚታወቅ ነው፤ አልሸሽገውም። ግን እነማን ነበሩ? ጉዳታቸው የቆየና ጉልበታቸው እየከዳ መሆኑ የታወቀ ሰዎች ናቸው። ጥናቱ ለእነርሱ ኦፕራሲዮን እንደሚበጅ አረጋገጠ፤ እኔም እስማማለሁ። ትናንት ከተራራ ላይ በአልጋ ለወረደ ሰው ግን ስለ ነገው ቀጠሮ አንዳች አይናገርም። እንዲያውም ሦስቱን ጥናቶች አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሚደርስበት መንገድ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ጉልበቱን አሠልጥን፣ ከከዳህ ያን ጊዜ ኦፕራሲዮን ሁን።

«ግማሾቹ ዞሮ ዞሮ ኦፕራሲዮን የሚሆኑ ከሆነ ሁሉንም ዛሬውኑ ማድረግ አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ክርክር ይህ ነው። ግማሾቹ የሚያስፈልጋቸው ስለሆነ ሌላው ግማሽ የማያስፈልገውን ይሸከም ማለት እኮ ነው። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ቀላል ሸክም አይደለም። አዲሱ ጅማት የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ ከሰውየው ገላ ነው፤ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት፣ ከቋንጃ ወይም ከታፋ ፊተኛ ጡንቻ ጅማት። የተወሰደበት ቦታ ይደክማል፤ ከጉልበት ሎሚ ሥር የተወሰደበት ሰው ለረጅም ጊዜ መንበርከክ ሊያመው ይችላል፤ ለሚሰግድና ለሚጸልይ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋትና የጉልበት መድረቅ በብዛት ባይከሰቱም አሉ። ታዲያ ማን እንደሚያስፈልገው በ3 ወር የጡንቻ ሥራ መለየት እየተቻለ ሁሉንም በጅምላ መውሰድ ጥንቃቄ ይባላል?

«ኤሲኤል ራሱን አይጠግንም» የሚለውም እንደ ድሮው በሙሉ አፍ የሚባል አልሆነም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የስዊድን ጥናት የኤምአርአይ ምስሎች ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲታዩ፣ በፊዚዮቴራፒ ብቻ ከታከሙት ውስጥ በ53 በመቶው ላይ ጅማቱ የመያያዝ ምልክት አሳይቷል። በአውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ሥራ አለ፤ ጉልበቱን በ90 ዲግሪ አጥፎ ለ4 ሳምንት በመደገፊያ ማሰር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መልቀቅ። ከ80 ታካሚዎች 90 በመቶዎቹ በ3ኛው ወር የመያያዝ ምልክት ታይቶባቸዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከተቃራኒው ወገን የምሻው ሐቀኝነት ከእኔም ይጠበቃልና። በምስል ተያይዞ የታየ ጅማት እንደ ቀድሞው ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። የአውስትራሊያው ሥራ ማነጻጸሪያ ወገን አልነበረውም፤ ከ80ዎቹም 11ዱ ዳግም ተጎድተዋል። ስለዚህ «ጅማት ሁሉ ይያያዛል» አልልም። የምለው፣ «በጭራሽ አይያያዝም» ብሎ ማስፈራራት ከእንግዲህ በማስረጃ የሚደገፍ ንግግር አይደለም ነው። በተለይ ታካሚውን ባለፈው ሳምንት በወደቀበት ድንጋጤ ውስጥ ሳለ ለማስፈረም ሲውል።

ስለ ሜኒስከስና ስለ አርትራይተስ የሚባለውስ? ይህ የክርክራቸው ምሰሶ ነው። የከዳ ጉልበት ሜኒስከስን እንደሚጎዳ ማንም አይክድም። ለዚህም ነው ተደጋግሞ የሚከዳ ጉልበት ኦፕራሲዮን ይሁን የምለው። ይሁን እንጂ ቶሎ መጠገን አርትራይተስን ያስቀራል ከተባለ በስዊድኑ ጥናት 5ኛ ዓመት ላይ በራጅ መታየት ነበረበት። አልታየም። በሜኒስከስ ኦፕራሲዮን ብዛትም በዚያ ዓመት ልዩነት አልነበረም። አርትራይተስ የሚመጣው ጅማቱ በተበጠሰባት ቅጽበት የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንትም ስለሚመታ፣ ሜኒስከሱም አብሮ ስለሚጎዳ፣ ከዚያም ጡንቻው ለዓመታት ደክሞ ስለሚቀር ጭምር ነው። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያውን ምት ቀዶ ሐኪሙ ወደ ኋላ ሄዶ ሊመልሰው አይችልም። ለሰውየው የቀረለትና በእጁ ያለው የመጨረሻው ነው፤ ጡንቻው።

ወደ ስኪው ራሱ እንምጣ፤ የአወዳደቁ ነገር ክርክሩን ያብራራልና። ሰውየው ቁልቁል ሲወርድ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዳሌው ከጉልበቱ በታች ይወርዳል፤ በሽቅብ በኩል ያለው ክንዱ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ገላው ወደ ቁልቁል ዞሮ ሽቅብ ያለው ስኪ ከበረዶው ይነሳል። ክብደቱ ሁሉ ያረፈው ቁልቁል ባለው ስኪ የኋላ ጫፍ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ በረዶውን ነክሶ ወደ ውስጥ ሲጠመዝዝ እግሩ ከጫማው ጋር ይዞራል፤ ታፋው ግን አይዞርም። ጉልበቱ መሃል ላይ ይቀራል፤ ብዙዎች ያን ጊዜ ጉልበታቸው ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ሲወድቁ እንዲፈታ የተደረገው መጀመሪያ ቅልጥምን ከመሰበር ለማዳን ነው፤ ቅልጥምንም በእርግጥ አድኗል። እንዲህ ያለውን ጠመዛ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ አይፈታም። በአሜሪካ ቬርሞንት የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን አወዳደቅ በፊልም አጥንተው ለስኪ አስተማሪዎችና ለተራራ ጠባቂዎች እንዴት እንደሚያመልጡት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ውጤት ሥልጠናውን በወሰዱት ሠራተኞች ላይ ከባድ የጉልበት ጉዳት በ62 በመቶ ቀንሶ ነበር። ጅማት በባሕርይ፣ በልማድና በጡንቻ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ያሳያል? ወድቃችሁ እየተንሸራተታችሁ ለመነሳት አትታገሉ፣ እስክትቆሙ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ተንሸራተቱ፣ እጃችሁን ወደ ፊት አድርጉ። ትምህርቱ ይህን ያህል ነበር።

በዚሁ ላይ የስኪ ጉዳት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በስኪ ላይ በብዛት የሚጎዳው የውስጠኛው የጎን ጅማት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የማይታገሡ ጉዳቶች አሉ። የቅልጥም አጥንት አናት ከተሰነጠቀ፣ ብዙ ጅማት በአንድ ጊዜ ከተበጠሰ፣ ጉልበቱ ወልቆ ከሆነ፣ የተገነጠለ ሜኒስከስ መሃል ገብቶ ጉልበቱ አልዘረጋም ካለ፣ ያን ጊዜ መዘግየት ጥፋት ነው። ስለዚህ ኤምአርአይና የጥሩ ሐኪም እጅ ይቅር የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይደለም። እኔ የምቃወመው ይህ ሁሉ በሌለበት፣ ኤሲኤል ብቻ በተበጠሰበት ጉልበት ላይ የሚወድቀውን የጥድፊያ ፍርድ ነው።

ሻምፒዮኖቹስ? ሁሌ የሚጠቀሱት እነርሱ ናቸው፤ ታሪካቸውን እስከ መጨረሻው የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። አሜሪካዊቷ ሊንዚ ቮን እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2013 ኦስትሪያ፣ ሽላድሚንግ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ወድቃ ኤሲኤሏንና የውስጠኛውን የጎን ጅማቷን በጠሰች፣ የቅልጥም አጥንቷም ተሰነጠቀ። በዓለም አለ በተባለ ሕክምና ኦፕራሲዮን ሆነች። በዚያው ዓመት ኅዳር 19 ቀን ኮሎራዶ ውስጥ ስትለማመድ ያ የተጠገነው ጅማት በከፊል ተቀደደ፤ የሶቺ ኦሎምፒክም አመለጣት። ከ9 ወር በላይ ሆኗት ነበር እኮ። ኦፕራሲዮኑ ቢሠራም፣ ወሩ ቢሞላም ጉልበቱ አልጸናም። ከዚያ በኋላ ተመልሳ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ድል ብዛት ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ይህንንም በረጅም ሥልጠና ነው ያገኘችው። ጣሊያናዊቷ ሶፊያ ጎጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 2022 ኮርቲና ላይ ወድቃ ኤሲኤሏ በከፊል ተቀደደ፣ የቅልጥሟም ትንሹ አጥንት ተሰነጠቀ። ከ23 ቀን በኋላ ቤጂንግ ላይ በዳውንሂል የብር ሜዳሊያ ወሰደች። ከእርሷ ተምራችሁ በ23 ቀን ተነሡ አልልም፤ ዕብደት ይሆናል። የተጎዳው ከፊሉ ብቻ ነበር፤ ዕድሜ ልክ የተገነባ ጡንቻና በየሰዓቱ አብሯት የሚሠራ የባለሙያ ቡድን ነበራት። ሻምፒዮንን ለኦፕራሲዮን ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው ግን ጎጃንም መስማት አለበት።

እውነተኛው የመዳን ሥራ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። ጉልበት በደምና በፈሳሽ ሲያብጥ፣ የታፋው ፊተኛ ጡንቻ ከነርቭ የሚመጣለትን ትእዛዝ በከፊል መስማት ያቆማል። ሰውየው አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ከተረከዙ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ፣ «ጉልበትህን ወደ አልጋው ተጫን» ይባላል። ያልተጎዳው ታፋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የተጎዳው ግን ይንቀጠቀጥና ይለሰልሳል። ሰውየው ኃይል አንሶት አይደለም፤ ጡንቻው መታዘዝ አቁሞ ነው። እብጠቱ እስኪጎድል፣ ጉልበቱ ከጤነኛው እኩል እስኪዘረጋ፣ ይህ ጡንቻ እንደገና እስኪታዘዝ ድረስ የሚሠራው ሥራ ነው የሁሉ መሠረት። ኦፕራሲዮን ለሚሆነውም ቢሆን! ጉልበቱ እንዳበጠና እንደተኮማተረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተከፈተ ጉልበት በኋላ የመድረቅ ዕድሉ እንደሚጨምር ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጽፈዋል። እንግዲህ መጣደፉ ማንን ጠቀመ? ኦፕራሲዮን ራሱ በጉልበት ላይ የሚደርስ ሁለተኛ ጉዳት ነው፤ ያው እብጠት፣ ያው የማይታዘዝ ጡንቻ፣ ያው ፎጣ ይጠብቀዋል። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን በ2 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የታካሚው ሥራ ከዚያ በኋላ ከ9 ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። ከሁለቱ የትኛው ነው «ሕክምናው» መባል ያለበት?

የቀን ቆጠራው ነገር የሚያስቆጨኝ ከዚህ የተነሣ ነው። የተተከለው ጅማት መጀመሪያ የደም ሥር አጥቶ ይዳከማል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ደም ያገኛል፣ ሥጋው ይለወጣል፤ ይህም ከዓመት በላይ የሚሄድ ነገር ነው። ታካሚው ግን ሕመሙ ከጠፋ ቆይቷልና የዳነ ይመስለዋል። በኖርዌይና በአሜሪካ 106 ስፖርተኞችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስን አንድ ወር ባዘገዩ ቁጥር ዳግም ጉዳት በ51 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ሰዎች ከዚህ ጥናት 9 የምትለዋን ቁጥር ይዘው ሄዱ፤ ዋናውን ግን ጣሉ። ዋናው የፈተናው ጉዳይ ነበር። የተጎዳው እግር ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ የጡንቻ ኃይል ይኑረው፣ በአንድ እግር ዝላይም እኩል ይዝለል የሚለውን መመዘኛ ሳያሟሉ ከተመለሱት 38.2 በመቶው ዳግም ሲጎዱ፣ ካለፉት ግን 5.6 በመቶው ብቻ ተጎድተዋል። ይህ እየታወቀ ስንት ሰው ነው 9 ወሩን ቆጥሮ፣ ታፋው ከሌላኛው በዓይን ሲታይ ቀጥኖ ሳለ፣ የስኪ ጫማ የሚከራየው? ቀን አልፏል ማለት አቅም ተመልሷል ማለት አይደለም። ወሩ ዝቅተኛ ገደብ ነው፤ የይለፍ ወረቀት ተደርጎ መወሰዱ ነው ጥፋቱ።

ኦፕራሲዮን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ዋስትና ነው የሚሉም የተሰበሰበውን መረጃ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሰፊ ግምገማ እንዳሳየው ከኦፕራሲዮን በኋላ 81 በመቶው ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት ተመልሷል፤ ወደ ቀድሞ ደረጃው የተመለሰው ግን 65 በመቶ፣ ወደ ውድድር የተመለሰው 55 በመቶ ነው። ዕድሜያቸው ከ25 በታች ሆኖ ወደ ስፖርት ከተመለሱት ውስጥ ደግሞ ሌላ ግምገማ እንዳሳየው 23 በመቶው ወይ ያንኑ ጅማት ወይ የሌላኛውን ጉልበት ጅማት ዳግም በጥሷል። ካልተመለሱት ብዙዎቹን ያስቀራቸው ፍርሃት ነው። ጉልበቱ በምርመራ ደህና ሆኖ ሰውየው አያምነውም። ፍርሃትን ደግሞ በመሣሪያ መስፋት አይቻልም፤ የሚወጣው በየቀኑ ትንሽ ከበድ ባለ ሥራ ጉልበቱ መታመኑን በማየት ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ልጆችን ነው። በስዊድን የካቲት ላይ የስፖርት ዕረፍት የሚባል የትምህርት ዕረፍት አለ፤ እዚያ ያደጉ የእኛ ልጆችም ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ወደ በረዶው ይወጣሉ። ቁመቱ ገና ባልጨረሰ ልጅ ጉልበት አካባቢ አጥንት የሚያድግበት ክፍል አለ፤ ለአዲሱ ጅማት የሚቆፈረው ቀዳዳ በዚያ በኩል ሲያልፍ እድገቱን የማወክ አደጋ ይኖረዋል። ልጁ «ቶሎ፣ ቶሎ» ሲባልለት ወላጅ እሺ ከማለቱ በፊት የልጁ አጥንት እድገት ምን ላይ እንደደረሰ፣ ሜኒስከሱ ደህና መሆኑን፣ በፊዚዮቴራፒ መጀመር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። ጥያቄው ሐኪሙን መናቅ አይደለም።

«ፊዚዮቴራፒ እኮ ለሀብታም ነው፤ ኢንሹራንሱ ጥቂት ቀጠሮ ብቻ ይከፍላል፤ በፈረቃ የሚሠራ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ከየት ያመጣል?» ይባላል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው። ሆኖም ኦፕራሲዮኑ ይህን ችግር አይፈታውም፤ ያባብሰዋል እንጂ። ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ያንኑ ፊዚዮቴራፒ፣ እንዲያውም ረዘም ላለ ጊዜ፣ ከሥራ ርቆና በክራንች እየሄደ ይፈልጋል። ኢንሹራንስ ለቢላዋው ከፍሎ ለሥልጠናው ሲሰስት፣ ጥፋቱ የኢንሹራንሱ ነው፤ የሚወቀሰውም እሱ ነው። ቀጠሮው ጥቂት ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ለፈተናና ለዕቅድ ተጠቅሞ ሥራውን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ወንበር፣ ደረጃና የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ሩቅ ያደርሳሉ። «ያለ ኦፕራሲዮን» ሲባል ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት ለሚመስላቸውም አንድ ቃል አለኝ። ወጌሻን ሰዎቻችን ያለ ምክንያት አላከበሩትም። ነገር ግን ገና ያበጠ፣ በደም የተሞላ፣ ምናልባትም አጥንቱ የተሰነጠቀ ጉልበት ለመታሸትና ለመጎተት አይሰጥም። እኔ የምለው ያለ ኦፕራሲዮን መንገድ በምርመራ የሚጀመር፣ በመለኪያ የሚመራና ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ትጋት የሚጠይቅ ነው። ተኝቶ መጠበቅም አይደለም።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው። ኤሲኤሉ ብቻ ለተበጠሰና በዓመት ጥቂት ቀን ስኪ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ሕክምና ቢያንስ የ3 ወር ጠንካራ የጡንቻ ሥልጠና ነው። ይህን ሠርቶ ጉልበቱ ያልከዳው ሰው ኦፕራሲዮን ሊሆን አይገባም። ሠርቶም የከዳው ይሁን፤ በጠነከረ ጡንቻና በተዘረጋ ጉልበት ስለሚገባ ቶሎ ከተጣደፈው ይልቅ ለእሱ ይበጀዋል። ኦፕራሲዮን የሆነም ያልሆነም ፈተናውን ሳያልፍ በረዶ ላይ አይውጣ፤ ቀን መቁጠሪያው ምንም ይበል። «ቶሎ ኦፕራሲዮን ሁን» የሚላችሁ ሐኪም ካለ በአክብሮት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሜኒስከሴ ምን ሆኗል? አሁን ካልሆንኩ በትክክል ምን አጣለሁ? በኋላ ብሆንስ? መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ የሌላ ሐኪም አስተያየት ፈልጉ። የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ሊቆይ ይችላል፤ የፊዚዮቴራፒውን ቀጠሮ ግን በዚህ ሳምንት ያዙ።